ፒያሳ ውስጥ "የማን ስጋ ነው" ተብሎ የማይጠየቅባት የፆም ምግብ ቤት

እስኪ ዛሬ ስለ አንድ ምግብ ቤት ልጻፍ። አንድ አመት ተኩል ሙሉ እየበላሁባት አንድም ነገር ሳልጽፍ መቆየቴ ከብዶኛል፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ የሰው ጽሁፍ አይቼ ነው ስንት ቤት የሄድኩት።

ቤቷ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ስትወጡ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ነው ያለችው። ታፔላ የላትም። አረንጓዴ መጋረጃ ያለበት በር ፈልጉ፣ ከጠፋባችሁ ደግሞ "የማዘር ፆም ቤት" ብላችሁ ሊስትሮዎቹን ጠይቁ ያሳዩዋችኋል። ውስጧ 7 ጠረጴዛ ነው ያላት፣ ሁሉም የጋራ ነው፣ ማለትም ብቻችሁን ሄዳችሁ ብቻችሁን ልትቀመጡ አትችሉም፣ ክፍት ወንበር ካለ የቤቷ ባለቤት ማዘር "እዛ ጋ ጠጋ በሉላት" ትላለች በቃ ትቀመጣላችሁ። ስጋ የለም። ቢራ የለም። እና ይሄ ለሁዳዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የፋሲካ ማግስት ሰው ሁሉ ዶሮ ሲበላ ብትሄዱም እዛ ቤት ሽሮ ነው የምታገኙት።

በያይነቱ 220 ብር ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የበላሁ ቀን ማለቴ ነው፣ ከዛ ወዲህ ጨምሮ ከሆነ እንዳትወቅሱኝ። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ስር፣ አዚፋ፣ እድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ ሱፍ ፍትፍት። ምስሩ ጥሩ ነው ግን ጥሩ ምስር ሌላም ቤት አለ። አዚፋው ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፣ እኔ እወደዋለሁ፣ የማይወድም አለ። እኔ ግን አፌን ሞልቼ የምመሰክረው ስለ ሱፍ ፍትፍቱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በዛ በኩል አልፌ ስትሰራ አገኘኋት፣ የተወቀጠውን ሱፍ በውሃ እያሸች በነጭ ጨርቅ ታጠለዋለች፣ የሚወርደው ልክ እንደታለበ ወተት ነው፣ ከዛ ጭማቂው ላይ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ጨው፣ አለቀ። እንጀራውን ቀድማ አትነክረውም፣ ሰው መጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው በእጇ ቆረስ ቆረስ አድርጋ የምትፈተፍተው፣ ለዛ ነው የማይላሽቀው። ሌላ ቦታ ግን ጠዋት የተፈተፈተ ነው ለምሳ የሚያቀርቡላችሁ ሳህኑ ላይ ገንፎ ይሆናል።

አሁን ለምን ይሄን ቤት መርጬ እንደምጽፍ ልንገራችሁ።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ስሜ የክርስቲያን ነው የአባቴ ስም የሙስሊም ነው፣ ደሴ ላይ ይሄን የሰማ ሰው ቅንድቡንም አያነሳም። አያቴ ሰርግ ስትደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ ይታረዳል፣ የሚያርዱትም የሚሰሩትም ራሳቸው ናቸው፣ ድስቱም ማማሰያውም የራሳቸው ነው፣ እነሱም ሲደግሱ ለኛ እንደዛው። ሰው ወሎን ሲያሞግስ "ተዋደው ይኖራሉ" ብሎ ያልፋል፣ ፍቅሩ እውነት ነው ግን ከፍቅሩ ጀርባ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ዳስ አለ፣ አንድ ሰው ሌሊት ተነስቶ ያንን ሁሉ አስቦበት አዘጋጅቶታል። ይሄን የማውቀው ድስቱን ካጠቡት ልጆች አንዷ ስለነበርኩ ነው።

አዲስ አበባ ስመጣ የገረመኝ እዚህ ነው። ከተማዋ "ሰው አይጠየቅባትም" የሚል ስም አላት፣ ግን ልኳንዳ ቤቱ ሁሉ በሩ ላይ ወይ መስቀል ወይ ጨረቃ አለበት፣ እና የቢሮ ሰው ተሰብስቦ ምሳ ሲወጣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀራል። የስራ ባልደረባዬ አለች፣ ሙስሊም ናት፣ እኛ ጥብስ ቤት ስንሄድ አብራን ትመጣለች ግን ሁሌ "ጠግቤያለሁ" ብላ ለስላሳ ብቻ ነው የምትጠጣው። ስንት ወር ሙሉ አመንኳት! እውነት ጠግባ መስሎኝ። ማንም ክፉ ነገር አልተናገራትም፣ ሁላችንም እንወዳታለን፣ ግን ማናችንም አላሰብንላትም። ማዘር ቤት የወሰድኳት ቀን በያይነቱን ጨርሳ ሽሮ አስጨመረች። እኔ ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ፣ ስጋ ከጠረጴዛው ሲነሳ የማን እጅ አረደው የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሳል፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። የፆም ምግብ እኮ የኦርቶዶክስ ስርአት ነው፣ አመቱን ብትቆጥሩት ከ180 ቀን በላይ ይፆማል፣ ግን ያ የራሳችን የሃይማኖት ግዴታ ያመጣው ምግብ ሌላውን ሁሉ ማስተናገድ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ማዘር ቤት ውስጥ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው፣ አድቬንቲስቱ፣ ስጋ የማይበላ ፈረንጅ፣ አንድ በየሳምንቱ የሚመጣ ህንዳዊ፣ ሁሉም ያው በያይነቱ ነው የሚያዙት።

ማዘር ግን በዚህ አላቆመችም። ለምሳሌ አሳ። ታውቃላችሁ በፆም አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ስንት ቤት እንደሚያጨቃጭቅ። እሷ አሳ ትሰራለች፣ ግን ምጣዱ ለብቻ፣ ዘይቱ ለብቻ፣ ማማሰያው እጀታው ላይ ሰማያዊ ክር የታሰረበት ለብቻ፣ የሚጠበስበትም ጓሮ ላይ ነው። ለምን እንደዚህ እንደምታደርግ ጠይቄያት "አሳ የማይበላ ሰው እዚህ ተቀምጦ ልቡ እንዳይጠረጥር ነው የኔ ልጅ" አለችኝ። እሷ ራሷ በፆም አሳ አትበላም። የማትበላውን ነገር ለሚበላው በጥንቃቄ ትሰራለች፣ ለማይበላው ደግሞ በጥንቃቄ ታርቅለታለች።

ከምሳ በኋላ ጥግ ላይ ቡና ይፈላል፣ ጀበና ነው፣ ፈንዲሻ አለው። እዛ ጥግ አንድ ጋሼ አሉ፣ ድሮ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የፒያሳ ሰፈር ይኖሩ የነበሩ፣ የፒያሳን ታሪክ ከሳቸው በላይ የሚያወራልኝ ሰው አላገኘሁም። እና እሳቸው ያሉኝን ቤት ገብቼ እያነበብኩ ሳጣራ ሌላ ነገር እየተጨመረልኝ መጣ። ቡናው ራሱ ለምሳሌ። ዛሬ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያገናኘው ቡና ድሮ ክርስቲያኑ "የእስላም መጠጥ ነው" ብሎ የሚሸሸው ነገር ነበር። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ቤተክህነትም አትወደውም ነበር፣ አጼ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣት ከጀመሩና የቤተክርስቲያኗ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም ነገሩን ካለሳለሱት በኋላ ነው እየተለመደ የመጣው። አስቡት እስኪ፣ ድንበር የነበረው ነገር ነው ዛሬ ረከቦት ላይ ተቀምጦ "ቡና ጠጡ" እያለ የሚጠራን!

ሌላው ጣይቱ ሆቴል ነው፣ ከዚች ቤት በእግር የሚደረስ ነው። እቴጌ ጣይቱ ሆቴሉን ሲከፍቱ ሰው አልገባም ነበር ይባላል፣ ምግብ በገንዘብ መብላት ነውር ነበራ፣ እንግዳ ይጋበዛል እንጂ ይከፍላል እንዴ። ምኒልክ መኳንንቶቻቸውን ይዘው ሄደው በሉና ከፈሉ፣ ከዛ እናንተም እንደዚህ አድርጉ ብለው አስለመዱ። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግብዣ ቤት የሚገባው የሚታወቅ ሰው ነው፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ተጠይቆ ነው የሚገባው። ሆቴል ግን ሂሳቡን የከፈለ ሁሉ ይቀመጣል። የከተማ ሰው ከማያውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጦ መብላት የተማረው እንደዛ ባሉ ቤቶች ነው። ያ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ሲቃጠል ጋሼ ቆመው አይተዋል፣ ስለሱ ሲያወሩ አሁንም ድምጻቸው ይለወጣል። ተጠግኖ ስራ መጀመሩ ለኔም ደስታ ነው፣ የፆም ቡፌ ነገር ፒያሳ ላይ የታወቀው በጣይቱ ሆቴል ነው፣ የውጭ ሀገር ሰውና የሰፈር ሰው አብሮ ተሰልፎ ሲያነሳ አይቻለሁ።

"አራዳ" የሚለው ቃልም እኮ መጀመሪያ የሰፈር ስም ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ነው አራዳ። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱ፣ የየመን አረቡ፣ ጉራጌው፣ ሁሉም እዛ ይነግዳል፣ ከሁሉም ጋር ተግባብቶ የሚያድር ሰው አራዳ ተባለ፣ የሰፈሩ ስም የሰው ባህሪ ስም ሆነ ማለት ነው። ከዛው ሰፈር አለፍ ስትሉ ደግሞ አርመን ሰፈር አለ። ራስ ተፈሪ በ1916 ኢየሩሳሌም ሄደው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ አይተው አመጧቸው፣ አርባ ልጆች የሚባሉት እነሱ ናቸው፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው የንጉሱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር "ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ"ን ዜማውን የሰራው። ቤተሰባቸውን እልቂት የፈጀባቸው ልጆች ናቸው እዚህ መጥተው የመንግስት ባንድ የሆኑት። ይሄን ሳስብ ሁሌ ሆዴ ይባባል።

ግን ስም ብቻ ሰምቶ ማመን ጥሩ አይደለም። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያን የተወልን ነው፣ መርካቶም እንደዛው፣ እና ጣሊያን ስሞቹን የሰጠው ነጩን እዚህ ሀበሻውን እዛ ብሎ ከተማዋን ሊከፍል ሲል ነው፣ የሀበሻውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደ ምእራብ የገፋው ለዛ ነው። በ1929 ጣሊያን ከሀበሻ ጋር ትዳር መሰል ኑሮ እንዳይኖር በህግ ከልክሏል፣ በዛው አመት የካቲት 12 የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዛ ሁሉ በኋላ መርካቶ ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን የሚቆሙበት ቦታ ሆነች፣ ፒያሳም የሁሉም መገናኛ ሆነች። ስለዚ አንድ ከተማ ቻይ ነው የሚል ስም የሚያወጣው ሲቆረቆር እንደዛ ተብሎ ታቅዶ አይደለም ባይ ነኝ፣ እንዲያውም ተቃራኒው የታቀደበት ቦታም ላይ ሰው በየቀኑ ሲሸጥ ሲገዛ ሲበላ ድስት ለብቻ ሲያደርግ ቀስ እያለ ነው የሚያወጣው።

እና ስሙ ያልደረሰበት በር ደግሞ አለ፣ እሱን እኔ በራሴ አይቻለሁ። ከሶስት አመት በፊት አንድ ክፍል ቤት ልከራይ ደላላ ይዞኝ ሄደ፣ ቤቱ ጥሩ ነበር፣ ቀብድ ልሰጥ ስል አከራይዋ ሙሉ ስሜን ጠየቀችኝ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዛ "አባትሽ ምንድናቸው" አለችኝ። ምን ይሰራሉ ማለቷ መስሎኝ መምህር ነበሩ አልኳት፣ እሷ የጠየቀችው ሌላ ነበር። በማግስቱ ደላላው ደውሎ ለዘመድ ተሰጠ አለኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ቤት እንደገና ሲተዋወቅ አየሁት። እኔ ያን ቀን ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ፣ ፒያሳ መሀል ነው እኮ ይሄ የሆነው፣ አራዳ የሚባለው ቦታ ላይ። ስለዚ "አዲስ አበባ ላይ ማንም አይጠየቅም" የሚል ሰው ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ ይጠየቃል፣ የማይጠየቅባቸው ቤቶች ግን አሉ፣ ስሙን ያወጡት እነሱ ናቸው፣ አከራይዋም በነሱ ስም ነው የምትጠቀመው።

ማዘር ቤት መጀመሪያ ዶሮ ማነቂያ ነበረች። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አብራ ፈረሰች። ደንበኛው ሁሉ ተበተነ፣ ሩቅ ኮንዶሚኒየም የደረሰው አለ፣ ዘመድ ቤት የገባ አለ። ማዘር አሁን ያለችበትን ክፍል ተከራይታ ስትጀምር የድሮዎቹ ደንበኞች ይመጣሉ ብላ አልጠበቀችም፣ ግን ሁለት ሶስት ታክሲ ይዘው የሚመጡ አሉ፣ ጋሼ ራሳቸው አንዱ ናቸው። እኔ የድሮዋን ቤት አላውቃትም፣ አሁን ያለችውን ነው የማውቀው፣ የድሮዋን የሚያውቁት ግን ሽሮው ያው ነው ይላሉ፣ መጋረጃውም ያው እሱ ነው፣ አውርዳ ይዛው ነው የወጣችው።

ከሁሉ በላይ ግን ልነግራችሁ የፈለኩት የ2017ቱን ሁዳዴ ነው። ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ተከተለ። ቤቷ ቀን ባዶ ሆነች፣ ክርስቲያኑ እስከ 9 ሰዓት አይበላም፣ ሙስሊሙ እስከ ማታ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ያማርር ነበር፣ ማዘር ግን ሰዓቱን ቀየረች። 9 ሰዓት ላይ ለክርስቲያኖቹ በያይነቱ፣ ከዛ ቤቱ ይጠረጋል፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ቴምር በትንንሽ ሳህን፣ የምስር ሳምቡሳ፣ የአጃ ሾርባ። አንድ ማታ ከስራ አምሽቼ ሳልበላ ገባሁ፣ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ወርቅ ቤት የሚሰሩ ልጆች አምስት ሆነው ተቀምጠዋል፣ ሳምቡሳው ፊታቸው ነው ማንም አልነካም፣ አንዱ ስልኩን ያያል። እኔ ፆሜን ነኝ ግን ሰዓቴ አልፏል፣ መብላት እችላለሁ፣ ማዘር ሳህኔን አመጣች። እጄን አልሰደድኩም። እሷም ሳህኑን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እሷም ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች ኋላ ነው ያወቅኩት። እንደዛው ዝም ብለን ሁላችንም ስንጠብቅ ከበኒ መስጊድ በኩል አዛን ተሰማ፣ ልጁ የመጀመሪያውን ቴምር አነሳና ለራሱ ሳይሆን ለማዘር ዘረጋላት። "በስመ አብ" ብላ ተቀበለችው፣ እሱም "ቢስሚላህ" ብሎ የራሱን ጎረሰ። ከዛ ወሬው ጀመረ፣ ጫጫታው ጀመረ፣ ሾርባ ጨምሩልን ምናምን።

እሺ አሁን ጉድለቶቿን ልናገር፣ አለበለዚያ ውሸታም ታደርጉኛላችሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ከሄዳችሁ ሃያ ደቂቃ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በተለይ ቡና ሲቆላ፣ ነጠላ ለብሳችሁ አትሂዱ። መታጠቢያው አንድ ነው፣ ውሃ የሌለ ቀን በጆግ ነው። ሽሮው አንዳንዴ ጨው ይበዛበታል፣ ሶስት አራት ጊዜ ገጥሞኛል፣ ነግሬያት ደግሞ ተቀብላኛለች። ቴሌብር ትቀበላለች ግን ስልኩ ልጇ ጋ ስለሆነ ልጇ ከሌለ ጥሬ ብር ያዙ። ጎመኑ ለኔ በጣም ይበስላል፣ ትንሽ አረንጓዴነቱ ቢቀር ደስ ይለኝ ነበር። መኪና ማቆሚያ የሚባል ነገር የለም። ብቻውን ዝም ብሎ መብላት የሚፈልግ ሰው ደግሞ አይመቸውም፣ ወሬ ውስጥ ያስገቡታል።

ከ5 ስንት ትሰጫለሽ ብትሉኝ ለምግቡ 4 እሰጣለሁ፣ ለሱፍ ፍትፍቱ ለብቻው 5።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ሱፍ ፍትፍት ረቡዕና አርብ ብቻ ነው ያለው፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። አሳ የምትፈልጉ ከጠዋቱ ሄዳችሁ ወይ በልጇ ስልክ ደውላችሁ አስይዙ፣ ቁጥሩን በሩ ላይ ጽፋዋለች። እሁድ ዝግ ነው። ለሙስሊም ጓደኛ ወይ ለማይፆም ጓደኛ ይሆናል አይሆንም ብላችሁ አስቀድማችሁ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም፣ ይዛችሁት ሂዱ፣ ክፍት ወንበር ካለ ጠጋ ይሉላችኋል።